የኢንተረፕት መቆጣጠሪያ ሰነድ፦ ሠንጠረዡ ሙሉ ሆኖ ሰው ለምን ይጠፋበታል?

የአንገረብ_ልጅ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡15

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበታችሁ?

ለማታውቁኝ፣ እዚህ ጎንደር አራት ሆነን ለመማሪያ የሚሆን ትንሽ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) እየጻፍን ነው። ከጀመርን ዓመት አልፎናል። ኮዱ ደህና እየሄደ ነው። ወደኋላ የቀረው ሰነዱ ነው፤ በተለይ የኢንተረፕት (መሣሪያ ፕሮሰሰሩን "አስተናግደኝ" ብሎ የሚጠራበት ምልክት) መቆጣጠሪያው ክፍል። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። አስቀድሜ ግን የገጠመንን ልንገራችሁ።

የምንሞክርበት ማሽን ፒያሳ ካለ አንድ ጥገና ቤት የገዛነው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ኪቦርዱም ማውሱም በዚያ ክብ በሆነው የድሮ ሶኬት የሚሰኩ ናቸው። ባለፈው ወር አዲስ የገባች ጓደኛችን የማውሱን ድራይቨር ልትጽፍ ወሰደች። "ሰነዱን አንብቢው፣ ሁሉም ነገር እዚያ አለ" አልኳት። ከልቤ ነበር ያልኩት። ሠንጠረዡን የሠራሁት እኔ ነኝ። የ8259 ቺፕ (የኢንተረፕት መቆጣጠሪያው ነው፤ ማሽኑ ላይ ሁለት አሉ) እያንዳንዱ ፖርት፣ እያንዳንዱ ቢት፣ ከነስሙና ከነትርጉሙ አለ። አራት ገጽ ነው።

ሠንጠረዡ እንዲህ ይላል። ማውስ መስመር 12 ነው። በሁለተኛው ቺፕ ማስክ (መስመሮቹን የሚዘጋና የሚከፍት ሬጅስተር፣ ማለትም ቺፑ ውስጥ ያለ ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ) ላይ ቢት 4 ነው። ቢቱ 0 ሲሆን መስመሩ ይከፈታል። እሷም ቢቱን 0 አደረገችው። ማውሱን ወዲያ ወዲህ አለችው። ምንም የለም።

ሦስት ማታ ፈጀባት። በሁለተኛው ማታ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ከዜሮ ጀመረች። በሦስተኛው እኔ ጋ መጣች። ስክሪኑን አይቼ በግማሽ ደቂቃ ገባኝ። ሁለተኛው ቺፕ ፕሮሰሰሩን በቀጥታ አያገኘውም። በመጀመሪያው ቺፕ መስመር 2 በኩል ነው የሚያልፈው። እኔ ደግሞ ከርነሉ ሲነሳ ከሰዓት ቆጣሪውና ከኪቦርዱ በቀር ሁሉንም እዘጋለሁ። መስመር 2ም አብሮ ተዘግቷል። እሷ የቤቱን በር ከፍታ ስትጠብቅ የግቢው በር ተቆልፎ ነበር።

ይህን ነገር እኔ አውቀዋለሁ። ሰነዱ ላይ ግን አንድም ቦታ አልጻፍኩትም። ሠንጠረዡን ደግሜ ሳየው ስህተት የለበትም። እያንዳንዱ ረድፍ ልክ ነው። ግን የአንድ ሰው ሦስት ማታ በላ። ይሄ እስካሁን ይከነክነኛል።

እናንተ እንዲህ ያለ ሃርድዌር ስትጽፉ ከሠንጠረዡ ሌላ ምን ታስገባላችሁ? ከየት ትጀምራላችሁ? የምር ማወቅ እፈልጋለሁ።

ማራኪ_ኮደር · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡52

ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። አሁን ስለተነሳ በዚያ ሦስት ማታ ምን እፈልግ እንደነበር ልንገርህ።

ሠንጠረዥ የሚጠቅመው ነገሩን ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ያስታውስበታል። እኔ ግን የፈለግኩት መንገዱን ነበር። ማውሱን ስነካው ምልክቱ ከየት ተነስቶ በየት በኩል አልፎ እኔ ኮድ ላይ ይደርሳል? ይህን የሚነግረኝ አንድ አንቀጽ አጣሁ።

ከዚያ በኋላ ለራሴ ደብተር ላይ ጻፍኩት። ማውሱ ይነቃነቃል። የኪቦርድና ማውስ መቆጣጠሪያው ቺፕ መስመር 12ን ከፍ ያደርጋል። ሁለተኛው 8259 ያየዋል። ማስኩ ክፍት ከሆነ ለመጀመሪያው በመስመር 2 ይነግረዋል። የመጀመሪያውም ማስኩ ክፍት ከሆነ ፕሮሰሰሩን ይጠራል። ፕሮሰሰሩ ኢንተረፕት ከፍቶ ከሆነ "ማነው?" ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ቁጥር ነው፤ በእኛ ከርነል 44። ፕሮሰሰሩ 44ኛውን የሠንጠረዥ ቦታ አይቶ ወደ ሃንድለሩ፣ ጥሪውን ወደሚያስተናግደው ኮድ፣ ይሄዳል። ሃንድለሩ ከፖርት ሄክስ 60 (ሄክስ ማለት በ16 መሠረት የተጻፈ ቁጥር ነው) ባይቱን ያነባል። ከዚያ "ጨርሻለሁ" የሚለውን ትእዛዝ ለሁለተኛውም ለመጀመሪያውም ቺፕ ይልካል።

ይሄ ብቻ ቢኖረኝ በየማቆሚያው ላይ ቆሜ እፈትሽ ነበር። እዚህ ደርሷል ወይ? እዚህስ? በሠንጠረዥ ግን የት ጋ ቆሜ እንደምፈትሽ አይታወቅም።

ሌላም ላንሳ። ሁለቱን ቺፖች ስናገናኝ ለመጀመሪያው 4 እንጽፋለን፣ ለሁለተኛው 2። ያው መስመር 2 ነው! ሰነድህ ላይ ሁለቱም "የማገናኛ መስመር" ነው የሚሉት። እኔ 4ቱን የትየባ ስህተት መስሎኝ 2 ልለውጠው ነበር። ለካ የመጀመሪያው የሚጠብቀው ቢት ነው፤ ቢት 2 ሲበራ ዋጋው 4 ነው። ሁለተኛው የሚጠብቀው ተራ ቁጥር ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምርልን።

ሽቦ_ሠሪ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡30

ልጆች፣ በርቱ። ይህን ሥራ ጎንደር ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ወጣት ማየቴ ደስ ብሎኛል። እኔ በሃርድዌር ጥገና ነው ያረጀሁት፤ አሁን አዘዞ ነው ያለሁት። ልጅቷ መንገዱን ብላለች። እኔ ምክንያቱን እጨምራለሁ።

የ8259 ነገር ያለ ታሪኩ አይገባም። በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ አንድ 8259 ነበረው። 8 መስመር ማለት ነው። በ1984 የመጣው ኤቲ ሁለተኛ ቺፕ ተጨመረለት። የሚጨመረው በአንዱ መስመር በኩል ስለሆነ መስመር 2 ለማገናኛ ተሰጠ። 8 እና 8 ተደምሮ 16 መሆን ሲገባው ለመሣሪያ የሚውለው 15 የሆነው ለዚህ ነው። የቅድሚያ ተራውም በዚያው ተዛባ። ከ0 እና ከ1 ቀጥሎ የሚመጡት ከ8 እስከ 15 ያሉት ናቸው፤ ከ3 እስከ 7 ያሉት ከኋላ ይቀራሉ። በቁጥሩ ብቻ የሚሄድ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያስበው።

ቀጥሎ የቬክተሩ፣ ፕሮሰሰሩ ሃንድለሩን የሚያገኝበት ቁጥር፣ ጉዳይ። ኢንቴል ከ0 እስከ 31 ያሉትን ቬክተሮች ለፕሮሰሰሩ ለራሱ ብሎ አስቀምጧቸው ነበር። አይቢኤም ግን የመጀመሪያውን ፒሲ ሲሠራ የሃርድዌሩን መስመሮች ከ8 እስከ 15 ላይ አስቀመጣቸው። ያኔ ግጭት አልነበረም። በኋላ የመጡት ፕሮሰሰሮች 8ን ለድርብ ብልሽት፣ 13ን ለጥበቃ ጥሰት ወሰዱት። ስለዚህ ቬክተሩን ሳታዛውሩ በፕሮቴክትድ ሞድ (የሜሞሪ ጥበቃ ባለበት የፕሮሰሰሩ ሁነታ) ኢንተረፕት ብትከፍቱ፣ ሰዓት ቆጣሪው ገና አንዴ ሲመታ ከርነላችሁ ድርብ ብልሽት ደረሰብኝ ብሎ ይቆማል። ብልሽት የለም። ሰዓት ነው የመታው። ወደ 32 የምናዛውረው ለዚህ ነው።

ይህ "ለምን" ካልተጻፈ ከሁለት ዓመት በኋላ አንዱ ልጅ መጥቶ "ይሄ ኮድ ምን ያደርጋል?" ብሎ ያጠፋዋል። አይፈረድበትም።

የመጨረሻው የውሸት ጥሪ ነው። መስመሩ ከፍ ብሎ ፕሮሰሰሩ "ማነው?" እስኪል ድረስ ተመልሶ ከወረደ ቺፑ የሚሰጠው ስም የለውም። ግን መልስ መስጠት ግድ ስለሆነበት 7 ይላል። ድሮ የሠራሁበት አንድ ቤት ውስጥ ነው፤ ሎጉ በመስመር 7 ተሞልቶ ነበር። መስመር 7 የፕሪንተር ነው። ገመዱን ቀየርን። ካርዱን ሁለት ጊዜ ቀየርን። ፕሪንተሩ ምንም አልነበረበትም። ከዚያ በፊት የነበረው ባለሙያ ያውቅ እንደነበር በኋላ ሰማን፤ ግን በቃል ነበር የያዘው፣ ይዞት ሄደ።

ስለዚህ ሰነዱ ላይ ይህን ጻፉ። መስመር 7 ሲመጣ ቺፑን "የምር እያገለገልከው ያለ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። በሥራ ላይ ያሉትን የሚያሳየው ሬጅስተር ቢት 7 ካልበራ የውሸት ነው። "ጨርሻለሁ" አትበሉት። ካላችሁት የሌላውን፣ ገና በሥራ ላይ ያለውን ኢንተረፕት ነው የምትዘጉበት። መስመር 15 ላይ ደግሞ ይለያል። ሁለተኛውን ቺፕ ተዉት፤ ለመጀመሪያው ግን "ጨርሻለሁ" በሉ። እሱ ጥሪው የውሸት መሆኑን አያውቅማ።

ቀሃ_ዳር · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡05

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ግን ልጠይቅ። 8259 ያረጀ ነገር ነው። ዛሬ ፒሲው ሁሉ ኤፒክ (8259ን የተካው መቆጣጠሪያ) አለው። ስልኮቹ አርም የሚባል ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ናቸው። የኢንቴል ማኑዋል ደግሞ በነፃ ይወርዳል። ይህን ሁሉ በአማርኛ መጻፍ ድካሙ ምን ያመጣል? ኮዱን ማንበብ አይሻልም?

የአንገረብ_ልጅ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡20

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ሁለቱን ለይቼ ልመልስ።

8259 አርጅቷል፣ ልክ ነህ። ግን ኤፒክ ብትጠቀምም አታመልጠውም። ዝም ልታሰኘው ይገባል። ሁለቱም ማስክ ላይ ኤፍኤፍ (ሁሉም ቢት 1) ትጽፋለህ። ከዚያ በፊት ደግሞ ቬክተሩን ማዛወር አለብህ፤ ማስክ ተደርጎም የውሸት ጥሪ ሊልክ ይችላልና። ካላዛወርከው ያ ጥሪ ፕሮሰሰሩ ለራሱ በያዛቸው ቁጥሮች ላይ ነው የሚያርፈው። እንዳልከው "አያስፈልግም" ብዬ ዘልዬው ተቀጥቻለሁ።

ኮዱን ማንበብ ስላልከው። ኮዱ ምን እንደተጻፈ ይነግርሃል። "ይህን መስመር ከዚያኛው በፊት ያደረግኩት ስለዚህ ነው" አይልህም። ከዚህም ሌላ፣ ያልተጻፈውን አያሳይህም። ማራኪ ኮዱን ስታነብ መስመር 2 እንደተዘጋ አይታለች። መዘጋቱ ችግር መሆኑን ግን ኮዱ ከየት ይንገራት?

አማርኛው ጉዳይ ለእኔ የፍጥነት ነገር ነው። እንግሊዝኛ ማኑዋል እናነባለን፣ ማንበብም አለብን። ግን ከእኛ መካከል አንዱ ለሌላው ሲያስረዳ በአማርኛ ነው የሚያስረዳው። ቡና ላይ ቁጭ ብለን በአሥር ደቂቃ የምንግባባውን ነገር ነው ወረቀት ላይ ማውረድ የፈለግኩት።

ጣና_ቢት · እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ከባሕር ዳር ሰላም። እኔ በሪስክ ፋይቭ (ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር) ላይ ነው የምሠራው፤ ኪውኢሙ በሚባለው ማሽን አስመሳይ ፕሮግራም ላይ፣ በኤምአይቲው የመማሪያ ከርነል ኤክስቪ6 ጀምሬ። የእኛ መቆጣጠሪያ ፕሊክ ይባላል። ከ8259 ጋር ሲወዳደር ቀላል ነው። ግን ሠንጠረዥ ብቻ ሲጻፍ የሚደብቀው አንድ ነገር አለው፤ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ፕሊክ ላይ "ማን ጠራኝ?" የምትለው አንድ ሬጅስተር በማንበብ ነው። ቁጥር ይሰጥሃል። ኪውኢሙ ላይ 10 ከሆነ ሲሪያል ፖርቱ ነው፤ 0 ከሆነ ማንም የለም። ስትጨርስ ያንኑ ቁጥር እዚያው አድራሻ ላይ ትጽፋለህ። ሠንጠረዥ ላይ ሲቀመጥ "ይነበባል፣ ይጻፋል" ይላል። በቃ።

እኔ ችግር እየፈለግኩ ሳለ ሃንድለሩ ውስጥ አንድ የማተሚያ መስመር ጨመርኩ። ሬጅስተሩን አንብቦ ቁጥሩን የሚያትም። ከሱ ቀጥሎ ዋናው ኮድ እንደገና ያነባል። አስነሳሁት። "10" ብሎ አተመ። ከዚያ ሲሪያሉ ዝም አለ። አንድ ፊደል ከጻፍኩ በኋላ ሌላ አይቀበልም። የማተሚያውን መስመር ሳወጣው ይሠራል። ሳስገባው ይሞታል። አንድ ቀን ሙሉ።

ነገሩ ይሄ ነው። ያቺ ንባብ ዝም ብላ ማየት አይደለችም። ስታነብ ጥሪውን ተረክበሃል። የእኔ ማተሚያ ተረከበው። ዋናው ኮድ ሲመጣ 0 አገኘ፣ "ማንም የለም" ብሎ ተመለሰ። "ጨርሻለሁ" ያለ የለም። ፕሊክም ያ መሣሪያ ገና እየተስተናገደ ነው ብሎ ይጠብቃል።

የአርሙ መቆጣጠሪያ፣ ጊክ፣ ም ያው ነው። ጥሪውን የምትረከብበትን ሬጅስተር በዲበገር ከፍተህ ብታየው እንኳ ጥሪው ከእጅህ ይወጣል። ስለዚህ እኔ ሰነድ ላይ ከእያንዳንዱ ሬጅስተር ጎን አንድ ጥያቄ መልሼ እጽፋለሁ፦ ማንበቡ ራሱ የሚለውጠው ነገር አለ ወይ? አዎ ከሆነ በቀይ።

አንድ ልጨምር። ፕሊክ ላይ "ጨርሻለሁ" ስትል ያ መስመር ለአንተ ክፍት መሆን አለበት። ቀድመህ ዘግተኸው ከሆነ መልእክትህን ምንም ሳይል ይጥለዋል። የሊኑክስ ድራይቨር ለዚህ ብሎ መስመሩን ለአፍታ ከፍቶ፣ "ጨርሻለሁ" ብሎ፣ መልሶ ይዘጋዋል። ኮዱን ያየ ሰው ምን ዓይነት ዙሪያ ጥምጥም ነው ይላል። ምክንያቱን ሲያውቅ ነው የሚገባው።

የቅኔ_ቤት_ልጅ · እሑድ፣ ከቀኑ 7፡45

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው ያነበብኩት። ፕሮግራመር ነኝ፤ ልጅነቴ ግን ያለፈው አጎቴ ጋ ነው፤ የመጻሕፍት መምህር ነበሩ። ከትናንት ጀምሮ የምትሉትን ሳነብ እሳቸው ፊት ቁጭ ያልኩ መሰለኝ።

የእኛን አገር ትርጓሜ ታውቁታላችሁ። ጎንደር ላይ ቤት ታች ቤት ተብሎ የተለየበት ነው። መጀመሪያ ንባቡ ይነበባል። ንባቡ አይነካም፤ አንዲት ፊደል አይጨመርም። ቀጥሎ ትርጓሜው ይመጣል። ቃሉ ሌላ ፍች ካለው "አንድም" ተብሎ ይጨመራል። የሚያስፈልግ ከሆነ ሐተታ ይከተላል፤ ነገሩ ለምን እንዲህ ተባለ፣ ታሪኩ ምንድነው። ንባቡ አንድ መስመር ሆኖ ትርጓሜው አንድ ገጽ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ማንም "ረዘመ" አይልም። ንባቡን ብቻ የያዘ ተማሪ ደግሞ ገና እንዳልተማረ ነው የሚቆጠረው።

የአንገረብ ልጅ፣ ሠንጠረዥህ ንባብ ነው። ልክ ነው፣ አትንካው። ከኢንቴል ማኑዋል ጋር ቃል በቃል ይግጠም። የጎደለው ትርጓሜውና ሐተታው ነው። ጋሼ የነገሩን የ1981 እና የ1984 ታሪክ ሐተታ ነው። ጣና ያለው "ማንበቡ ይለውጣል" ትርጓሜ ነው።

"አንድም" የምትለዋ ቃል ራሷ ትጠቅማችኋለች። አንድ ነገር በሁለት ሃርድዌር ላይ ሁለት መልክ ሲይዝ። ሰዓት ቆጣሪ በ8259 መስመር 0 ነው፤ አንድም በአይኦ ኤፒክ (የመሣሪያዎቹን መስመር በሚቀበለው የኤፒክ ክፍል) ብዙ ማሽን ላይ መግቢያ 2 ነው። ሁለቱም ልክ ነው። አንዱን ብቻ የጻፈ ሰው አንባቢውን ያሳስተዋል።

ጣና_ቢት · እሑድ፣ ከቀኑ 8፡20

ይህን ወድጄዋለሁ። ለአርም ደግሞ "አንድም" በየገጹ ያስፈልጋል። ኪውኢሙ ላይ የሲሪያሉ ቁጥር ዲቫይስ ትሪው (የማሽኑን መሣሪያዎች ለከርነሉ የሚዘረዝረው ሰነድ) ላይ 1 ተብሎ ነው የተጻፈው። ጊክ ላይ ግን 33 ነው። የጋራ መሣሪያዎች ከ32 ስለሚጀምሩ ዲቫይስ ትሪው 32ቱን ቀንሶ ነው የሚጽፈው። ለየፕሮሰሰሩ የግል የሆኑት ደግሞ የሚቀነስላቸው 16 ነው። 1ን ከፍቶ መልስ የሚጠብቅ ስንት ሰው አይቻለሁ።

ማራኪ_ኮደር · እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00

ስለ ቃላትም እንነጋገር እስቲ። ኢንተረፕትን "መቋረጥ" ብለን ጀምረን ነበር። አልሄደም። መቋረጥ ሲባል እዚህ አገር ሰው ትዝ የሚለው መብራት ነው፣ ኔትወርክ ነው። "ማውሱ መቋረጥ ላከ" ስትል ማውሱ የተበላሸ ነው የሚመስለው። "ጥሪ" ይሻላል ባይ ነኝ።

ሽቦ_ሠሪ · እሑድ፣ ከቀኑ 9፡25

ስሙን ኢንተረፕት በሉት፣ ሁሉም የሚያውቀው እሱን ነው። ሲያስረዱ ግን ጥሪ ጥሩ ነው። አንድ የማስተምርበት ምሳሌ ልስጣችሁ፤ የኤጅና የሌቭል (መስመሩ ጥሪውን የሚያሳውቅባቸው ሁለት መንገዶች) ልዩነት ለተማሪ አልገባ ሲል።

ኤጅ ሚስኮል ነው። አንዴ ይጮህና ይዘጋል። በዚያች ሰዓት ስልክህ ዝግ ከነበረ መደወሉን አታውቅም። አይኦ ኤፒክ ላይ ማስክ የተደረገ የኤጅ መስመር እንዲሁ ነው፤ የመጣው ምልክት ይጠፋል።

ሌቭል በር ላይ ቆሞ የሚያንኳኳ እንግዳ ነው። እስክትከፍትለት አይሄድም። ጆሮህን ይዘህ ብትቆይም፣ እጅህን ስታነሳ አሁንም እያንኳኳ ነው። ስለዚህ ሌቭል ላይ መጀመሪያ መሣሪያውን አስተናግደው፤ ከዚያ ለመቆጣጠሪያው "ጨርሻለሁ" በል። ከገለበጥከው በሩ ወዲያው ይንኳኳል፣ እንደገና ትሮጣለህ፣ እንደገና። ማሽኑ ሌላ ሥራ አይሠራም።

የድሮው የካርድ መሰኪያ፣ የአይኤስኤ፣ መስመሮች ኤጅ ናቸው። ከሱ በኋላ የመጣው ፒሲአይ ሌቭል ነው። የትኛው መስመር የትኛው እንደሆነ ሰነዱ ላይ በየመስመሩ ይጻፍ። "ነባሪው ነው" ብሎ ማለፍ ትልቅ ጥፋት ነው።

የአንገረብ_ልጅ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ አንዱን ክፍል እንደገና ጻፍኩት። የቅኔ ቤቱ ልጅ ባለው መንገድ። ያዩልኝ፣ ይንቀፉልኝ ብዬ እዚህ አመጣሁት።

"ንባብ። ማውስ መስመር 12 ነው። የሁለተኛው ቺፕ ማስክ ፖርት ሄክስ ኤ1፣ ቢት 4። ቬክተር 44። ኤጅ።

ትርጓሜ። መስመሩን ለመክፈት ሁለት ቢት ይነካል። በሄክስ ኤ1 ቢት 4ን 0 አድርግ። በሄክስ 21 ቢት 2ን 0 አድርግ፤ ይህ የማገናኛው መስመር ነው፣ እሱ ከተዘጋ ከ8 እስከ 15 ያለ መሣሪያ ሁሉ ይዘጋል። ማስኩን ስትጽፍ መጀመሪያ ያለውን አንብበህ የምትፈልገውን ቢት ብቻ ለውጥ፤ የሌሎቹን እንዳትነካ። ከዚያ ሃንድለሩን በ44ኛው ቦታ አስቀምጥ። ሃንድለሩ ውስጥ ፖርት ሄክስ 60ን ሳታነብ አትመለስ፤ ባይቱ ካልተነሳ ቀጣዩ ኢንተረፕት አይመጣም። ሲያልቅ 'ጨርሻለሁ' የሚለውን ትእዛዝ፣ ሄክስ 20ን፣ መጀመሪያ ወደ ሄክስ ኤ0፣ ቀጥሎ ወደ ሄክስ 20 ላክ። አንዱን ከረሳህ አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶ ዝም ይላል።

ሐተታ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ሄክስ 11 ሲላክ ቺፑ ማስኩን ራሱ ያጸዳዋል፤ ሁሉም መስመር ክፍት ይሆናል። የእኛ ከርነል ዝግጅቱን እንደጨረሰ ከ0 እና ከ1 በቀር የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። መስመር 2ን ሳንከፍት የቆየነው ከሁለተኛው ቺፕ የምንጠቀመው መሣሪያ ስላልነበረን ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። አሁን ክፍት ነው።"

አንድ ገጽ የነበረው ሦስት ሆነ። ስንጨርስ ማራኪ ሰፈር ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ ማሽኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ እለጥፈዋለሁ። መብራት ሲሄድም ይነበባል።

ማራኪ_ኮደር · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡05

በጣም ጥሩ ነው። ይህን ወር ሙሉ ሳስበው የነበረው ነው። አንድ ነገር ግን አስተካክል።

መስመሩን ከፍተህ ነው ሃንድለሩን የምታስቀምጠው። ተገላቢጦሽ ነው። በመካከሉ ማውሱን ሰው ቢነካው 44ኛው ቦታ ባዶ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ወደ ባዶ ይሄዳል፣ ከርነሉ ይወድቃል። አንተ ላይ የማይደርሰው ሲነሳ ማውሱን ስለማትነካው ነው። እኔ ግን እጄ ሁልጊዜ እሱ ላይ ነው። መጀመሪያ ሃንድለር፣ ከዚያ ማስክ። ጽሑፉ ላይም "ከመክፈትህ በፊት" ብለህ በግልጽ ጻፈው።

የአንገረብ_ልጅ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡11

ልክ ነሽ። ኮዱም ራሱ እንደ ሰነዱ በተገላቢጦሽ ነው የተጻፈው፤ አሁን ከፍቼ አየሁት። ሰነዱን ስጽፍ ነው ስህተቱ የታየው። ሁለቱንም አሁን አስተካክላለሁ።

ቀሃ_ዳር · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡30

ትናንት ድካሙ ምን ያመጣል ብዬ የጠየቅኩት ልጅ ነኝ። "አንድም በአይኦ ኤፒክ መግቢያ 2 ነው" የምትለዋ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። ላፕቶፔ ሊኑክስ ነው። ፕሮክ (ሊኑክስ ስለ ራሱ ሁኔታ የሚናገርበት ማውጫ) ውስጥ ያለውን የኢንተረፕትስ ፋይል ከፈትኩት። የመጀመሪያው ረድፍ 0 ይላል፣ መጨረሻው ላይ ታይመር ይላል። መካከሉ ላይ ደግሞ አይኦ ኤፒክ፣ 2፣ ኤጅ። ለካ እዚሁ ነበር። ስንት ጊዜ ከፍቼው አላየሁትም።

ከዚያ የኤሲፒአዩን (ማሽኑ ስለ ራሱ ለከርነሉ የሚነግርበት መንገድ) ኤምኤዲቲ የሚባል ሠንጠረዥ ፈልጌ አነበብኩ። ዓይነት 2 የሚባሉት ረድፎች ናቸው ይህን የሚናገሩት፤ የድሮው ቁጥር ይህ ነው፣ የአሁኑ መግቢያ ያ ነው፣ ኤጅ ነው ወይስ ሌቭል። መስመር 9ም እዚያ ውስጥ አለ፤ ሌቭል ነው ይላል። ጋሼ በየመስመሩ ይጻፍ ያሉት ነገር ምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።

የአይኦ ኤፒኩን ክፍል የያዘው ሰው ከሌለ እኔ ልጻፈው? በንባብ፣ በትርጓሜ፣ በሐተታ።

የአንገረብ_ልጅ · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡38

የያዘው የለም። ጻፈው ወንድሜ። ከሰዓት ቆጣሪው ጀምር፤ መንገዱን ከቺፑ እግር እስከ ሃንድለሩ። ረቡዕ ማታ ፒያሳ እንገናኝና ማራኪ ታነብልሃለች። እኔ አይደለሁም የማነበው፤ እኔ ስለማውቀው የጎደለው አይታየኝም።

ሽቦ_ሠሪ · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡50

እኔም ረቡዕ ከአዘዞ እመጣለሁ። ሁለት የቆዩ ማዘርቦርዶች አሉኝ፤ 8259ኙ ለብቻው የተበየደበት ነው፣ እግሮቹ ይቆጠራሉ። መስመር 2 የት እንደሚገባ በጣታችሁ ትከተሉታላችሁ።